አባባ በር ላይ ያወለቁት ጫማ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16፣ 1996። ፓይንሪጅ።

ዛሬ አባባን ይዤ አስቤዛ ልገዛ ግሮሰሪ ሄድኩ። በሩ ጋ አውርጃቸው፣ ፓርክ አድርጌ ስመለስ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ በረዶው ላይ ቆመዋል። የመስታወቱን በር ተሳለሙት።

ባለፈው ዓመት ከኢየሩሳሌም ስንመለስ፣ ግብፅ ላይ የቀን ቱር ይዘን የጥንቱን ቤተ መቅደስ ስንጎበኝም ልክ እንዲህ አድርገው ነበር። አስጎብኚው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። "አባባ፣ ይሄ እኮ የጣዖት ቤት ነው" ስላቸው፣ "ምሰሶው ላይ መስቀል ተቀርጿል፤ አይታይሽም?" አሉኝ። እውነትም ነበረ። የጥንት ክርስቲያኖች የቀረጹት ነው አለን አስጎብኚው። ያን ቀን ፎቶ ሳነሳ ብዘገይ፣ "ልጄ ሳትመጣ ንቅንቅ የለም!" ብለው አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይሄን ለስንቱ እያወራሁ ስቄያለሁ።

የግሮሰሪው በር ላይ ግን መስቀል የለም። ተንበርክኬ የረጠበውን ካልሲ አውልቄ እግራቸውን በስካርፌ ጠቀለልኩት። ሐኪሙ አእምሯቸው እየደከመ ነው ያለኝን እስከ ዛሬ አላመንኩም ነበር። ሺፍት ስገባ ማን ይጠብቃቸዋል? ጸሎቴንም የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም።

መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን ሳስርላቸው እጄን ያዙኝ።

"እባክሽ እመቤቴ" አሉኝ በልመና፣ "ልጄ ፎቶ ስታነሳ ወደ ኋላ ቀርታለች። አውቶቡሱ ጥሏት እንዳይሄድ።"