ስድሳ አንድ ጥቁር እንጨት

ቡሬ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ውድ ሰብለ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና መሆንሽንማ ስብሰባ ላይ ሳይቀር እየተነገረን ነው። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ከአራት ደብተሮች ጋር አስሬ ባሕር ዳር በሚወጣው ሚኒባስ የላክሁልሽ ኔትወርኩ እንደምታውቂው ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብደውልልሽ ኖሮ ገና ድምፅሽን ስሰማ ዋናውን ትቼ ሌላ ሌላውን ስቀባጥር ስልኩን እዘጋው ነበር።

አንድ ጊዜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ቀንቼብሻለሁ። የዛሬ የትናንት አይደለም፣ አምስት ዓመት ሙሉ።

ቡሬ አንድ ቢሮ ውስጥ የደን ባለሙያ ሆነን ስንሠራ ትዝ ይልሻል? አንቺ ያየሽውን ዛፍ ሁሉ በስልክሽ ፎቶ ታነሺ ነበር። እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ የዛፉን ስም፣ ውፍረቱን፣ ከየትኛው ጅረት በስንት እርምጃ እንደሚገኝ። «ያምሮት፣ ደን እየቆጠርሽ ነው ወይስ ዳዊት እየገለበጥሽ?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ሳቅሽን እወደው ነበር፤ ይህን ደግሞ አልደብቅሽም።

ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ዳር ሄድሽ፣ እዚያው ሥራ ያዝሽ፣ ፎቶዎችሽንም ማንም ከፍቶ የሚያየው የጋራ መረጃ ቋት ውስጥ አስገባሽ። አንድ ቀን ደወልሽና «ደብተሮችሽን ላኪልኝ፣ አስገባልሻለሁ፤ በስምሽ ነው የሚገባው» አልሽኝ። ምን ብዬ መለስሁልሽ? «አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እኛ ቤት የመድኃኒት ዛፍ ያለበት ቦታ አይነገርም።» አንቺም አክብረሽኝ ሁለተኛ አልጠየቅሽኝም።

ውሸቴን ነበር። እኔ ገደል ለገደል ስንከራተት ኖሬ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስትመሰገኚ ታየኝና፣ ትቅርባት ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በመስከረም መጨረሻ ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ ተጠራን። ለአዲሱ መንገድ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ የት ይከፈት የሚል ነበር። የጥናት ቡድኑን የሚመራው አቶ እንዳለው የሚባል ሰው ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራው። ካባው በመጀመሪያ ሊከፈት የታሰበው ብር ከሚባለው ወንዝ ማዶ ያለው ደን አጠገብ ነበር፤ ካርታው ላይ ግን አረንጓዴ ነጥብ ፈሶበታል። ያንቺ ነጥብ!

«ይህን መረጃ ለሁላችን ክፍት ያደረገችው ሰብለ የምትባል ልጅ ናት» አለ እንዳለው። «ይህ ባይኖር ደኑንም ምንጩንም አጥፍተን መንገድ ሠራን እንል ነበር። ልማቱ ለልጆቻችን እንዲተርፍ ከፈለግን እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገናል።» አስጨበጨበልሽ። እኔም አጨበጨብሁ። ያንን ደን መጀመሪያ ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም ወይ? ወንዙን ስንሻገር ጫማሽን ተሸክሜ፣ እጅሽን ይዤ ያሻገርሁሽ እኔ አይደለሁም? ስሜን የጠራ የለም።

ከዚያ አቶ እንዳለው ጣቱን ወደ ቡሬ አሻገረ፤ ቀጭን ውሃ የሚባለው ሸለቆ ላይ አሳረፈው። ካርታው እዚያ ላይ ባዶ ነው፣ አንድም ነጥብ የለበትም። ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ አነበበልን፦ «በስፍራው የሚገኝ፣ እንጨት፤ ጥቁር፤ ለማገዶ የሚሆን።»

ገባሽ አይደል? ከከተማ የመጣው መረጃ ሰብሳቢ «ሸለቆው ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ገበሬውን ጠይቆታል፤ ገበሬውም «ጥቁር እንጨት» ብሎ መልሶለታል። ጥቁር እንጨት የዛፍ ስም መሆኑን ማን ይንገረው! የከሰለ ግንድ መስሎት ማገዶ ብሎ ጻፈው። ሰብለ፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። በየቦታው እየጠፋ ያለ ዛፍ፣ ቅርፊቱ መድኃኒት የሆነ፣ ሥሩ የቀጭን ውሃን ምንጭ አቅፎ የያዘ፣ ማገዶ! ስድሳ አንድ ናቸው። ግንቦት 2011 አንድ በአንድ ቆጥሬ ጽፌያቸዋለሁ። ደብተሩ ያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

አልተናገርሁም። ብናገር «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ሰብለ ስታስገባ አንቺ ለምን ደበቅሽ?» መባሌ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ያን ባዶ ቦታ ሳየው ደስ አለኝ። እሰይ፣ ያለ እኔ ካርታዋ ጎደሎ ነው አልሁ በልቤ። «እንግዲህ ካባው እዚህ ይከፈት፤ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ተባለ፤ አወጣሁ።

በሳምንቱ ቀጭን ውሃ ወረድሁ። ይቆረጣሉ ተብሎ ግንዶቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ምንጩ ዳር እማማ አምለሰትን አገኘኋቸው፤ ማዶ ካሉት የአገው ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነው፣ ውሃ የሚቀዱትም ከዚሁ ነው። ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልተቀበሉኝም።

«ያን ጊዜ ሦስት ቀን እዚህ ስትቆጥሪ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም ወይ? ቤቴ ያሳደርሁሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

«ምንም።»

«ምንም ስትያቸው ነዋ ምንም የለም ያሉት» አሉና ጀሪካናቸውን ተሸክመው ሄዱ። ተከትዬ ልሸከምላቸው ብል እንቢ አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም አወራኋቸው፤ በእሳቸው ስም የዋሸሁሽንም ጭምር። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?» አሉ ተቆጥተው። «እኔ የምሠውረው አቀማመሙን ነው እንጂ ዛፉን አይደለም። ዛፉ ካለቀ ምኑን ልሠውረው? የራስሽን ቅናት በእኔ አታላክኪ!» ከበሩ ላይ ደግሞ ዘወር ብለው «ካባ ሲባል የሚደረብ መስሎኝ፤ ለካ የሚገፍፍም አለ» አሉ። ታውቂያቸው የለ፣ ቅኔ ሳይጨምሩ መቆጣት አይሆንላቸውም።

ማግስቱን ደብተሬን ይዤ ፍኖተ ሰላም አቶ እንዳለው ዘንድ ሄድሁ። አገላብጦ አየው። «እህቴ፣ በእጅ በተጻፈ ደብተር የተወሰነ ነገር አላስለውጥም። መረጃ ቋቱ ውስጥ ከነሳይንሳዊ ስሙ፣ ከነቦታው ከገባ ግን እንደ አዲስ እናየዋለን፤ ድንጋይ ሌላም ቦታ አለ። እስከ ጥቅምት ሃያ ድረስ ነው። በሃያ ሁለት ማሽኑ ይገባል» አለኝ። ማስገባት የሚችለው ደግሞ አንቺ ያለሽበትን ዓይነት ተቋም ነው። ዕድሌን አየሽልኝ? ካገር ሰው ሁሉ አንቺው እጅ ላይ ወደቅሁ።

ልወጣ ስል አቶ እንዳለው መልሶ ጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደብተሩ ላይ ስምሽና ቀኑ አለ» አለኝ። «እንዲህ ከገባ፣ እያወቅሽ እጅሽን ማውጣትሽ ይታወቃል፤ ሥራሽንም ሊያሳጣሽ ይችላል። በሰብለ ስም ይግባ፣ ነገሩም ይለፍ።» ለእኔ አዝኖ ነው እንጂ ክፋት የለበትም።

እስከ ቡሬ መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ። ቀላል ነው። አንቺ ታስገቢዋለሽ፣ ዛፎቹ ይተርፋሉ፣ እማማ አምለሰት ውሃቸውን ይቀዳሉ፣ እኔም እንጀራዬ ላይ እቆያለሁ። ማን ምን ይጎዳል? ግን አቶ እንዳለው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ «ቀጭን ውሃን ያተረፈችልን ሰብለ ናት» ሲል፣ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ዳግመኛ ሳጨበጭብልሽ ታየኝ። ኧረ በሞቴ! እሱንስ አልችለውም።

እንግዲህ ደብተሮቹ ይኸው። ሦስተኛው ላይ ቀጭን ውሃን ታገኚዋለሽ። ስድሳ አንዱንም አንድ በአንድ አስገቢልኝ፣ ከሃያ አትለፊ። የመዘገበው ሰው በሚለው ቦታ ያምሮት ኪዳነ ማርያም ብለሽ ጻፊ። ቀኑንም አትንኪብኝ፤ ግንቦት 2011 ነው። ሰዎች «ታዲያ ታውቅ ነበር ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁሽ፣ አዎ፣ ታውቅ ነበር በያቸው። ዛፎቹን የቆጠረው እጄ ነው፤ ስብሰባው ላይ የወጣውም ይኸው እጄ ነው። አንዱን ሥራውን ለአንቺ ሰጥቼ ሌላውን አልደብቅም።

አሁንም የምትቀናብሽ፣
ያምሮት