የካሜራው ኮርቻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ወንድሜ ዘውዱ ሸሚዙን ገልጦ ትከሻውን አሳየኝ። ካሜራው ያረፈበት ቦታ ተልጦ ጠቁሯል፤ የገጣባ አጋሰስ ጀርባ መስሏል። “አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ የተማርከው ሥራ ይሄ ነው?” ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

መሥሪያ ቤቱ የጃናሞራን ገደልና ዋልያውን በፊልም አንስተህ አምጣ ብሎ ልኮታል። ካሜራው የሚቆምበት ሦስት እግር አለው፤ ነገር ግን ገደል አፋፍ ላይ ሦስት እግር የሚተከልበት ቦታ የለም፣ ዋልያም ቆሞ አይጠብቅም ይላል። ትከሻው ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ፣ የማይወዛወዝ፣ ቆዳውን የማይልጠው ነገር ነው የሚፈልገው። “እቴ፣ ለሰው በቅሎ ሁሉ ኮርቻ ትሠሪያለሽ። ለእኔ ምነው?”

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኮርቻ ሠሪ ነበር። እሱ እንጨቱን ይጠርባል፣ እኔ ቆዳውን እሰፋለሁ። እሱ ካረፈ ወዲህ እንጨቱም ቆዳውም በእኔው እጅ ነው። ግን ሰው ጭኜ አላውቅም።

እሺ አልኩት። ለዚህ ልጅ እምቢ ማለት አልችልበትም። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ካሜራውን አንድ ጊዜ አስያዘኝና ወዲያው ተቀበለኝ። “የመንግሥት ንብረት ነው፤ ፈርሜ ነው ያወጣሁ። ይሄ ከጠፋ እኔንም እንደጠፋ ቁጠሪኝ” አለ። አነጋገሩን አልወደድኩለትም። ሰው ስለ ዕቃ እንዲህ አይልም።

ካሜራውን ካልሰጠኝ ብዬ ክብደቱን ከወፍጮዬ መጅ ጋር አመዛዘንኩና በመጁ ሥራ ጀመርኩ። ካረጀ ኮርቻ ላይ ቀርበሱን፣ የእንጨት ቅስቱን፣ ፈትቼ ወሰድኩ። ዋንዛ ነው፣ ቀላል ነው፣ ጎበጥ ያለውም ለትከሻ የተጠረበ ነው የሚመስል። ከሥሩ እንደ በቅሎ ድልድል ሱፍ ጠቅጥቄ ሰፋሁበት።

መጁን ሳስርበት ዘውዱ ወደ ፊት ደፋ አለ። ሁለታችንም ግራ ገባን። ኋላ ግን በቅሎ እንዴት ነው የምትጫነው ብዬ አሰብኩ። በአንድ ጎኗ ብቻ ማን ይጭናታል? የካሜራው ባትሪ ለብቻው ነውና በከረጢት አድርጌ ከጀርባው በኩል አንጠለጠልኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። “ሸጋ ነው እቴ” እያለ ግቢውን ዞረ። መጅ ተሸክሞ ሲንጎራደድ ጎረቤቶች አይተው ምን ብለው ይሆን?

ካሜራው የሚቀመጥበትን ላሜራ ጋራዥ ሄዶ አስቆረጠ፣ ቡሎንም አስበጀለት። ላሜራውን ከእንጨቱ ጋር በምስማር ልምታው ሲል ከለከልኩት። ኮርቻ ላይ ምስማር አይገባም፣ ይላላል፣ እንስሳውን ይወጋል። ጠፍር እርጥቡን አስረው ሲደርቅ አጥንት ይሆናል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ እውነተኛውን ካሜራ ጭነን ቁስቋም ወጣን። ከፈረሰው ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ ወጥቶ ከተማውን ላንሳ አለ። ካሜራው እንደ ሰዓት ተጠምዝዞ የሚሞላ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በባትሪው ነው የሚዞር። እንደ ወንፊት ይንሿሿል። ዘውዱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን ለጥፎበት እንደ ቁራ ጎንበስ፣ ጎንበስ ይላል። እኔ ከሥር ሆኜ እስቃለሁ።

ሳቄን አልጨረስኩም። ግንቡ ዝናብ ጠጥቷል፤ ዘንድሮ ጥቅምት ገብቶም አልለቀቀንም። አንድ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ሸሸ። ዘውዱ እጁን ከካሜራው አላነሳም። ሊወድቅ ሲል እንኳ ግንቡን አልያዘም፣ ካሜራውን ነው የያዘ። ተንጠራርቼ ወገቡ ላይ የሚያልፈውን የኮርቻውን ጠፍር ጎተትኩት፣ በእኔ ላይ ወደቀ።

“አየሽ? አልተነቃነቀም፣ ልክክ ብሏል” አለኝ። ክርኑ ይደማል፣ እሱ የካሜራውን ዓይን ይጠርጋል።

እኔ የፈራሁ ያን ልክክ ማለቱን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

አያ ተገኘ ከነበቅሎዎቻቸው መጡ። የመካነ ብርሃን ሰው ናቸው፣ ለባለቤቴ ደንበኛ ነበሩ። ዘውዱን የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ሥራዬን በእጃቸው ገለበጡ፣ ድልድሉን ጫን ጫን አደረጉ፣ አመሰገኑ። ቀጥለው “የት ነው የሚፈታ?” አሉ።

“አይፈታም፣ ለዚያ እኮ ነው ሸጋ የሆነው” አለ ዘውዱ።

አያ እንዲህ አሉ፦ እኛ አገር አፋፍ ላይ ስንሄድ ጭነቱን አንዴ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ ነው የምናስር። በቅሎዋ ካዳለጣት ጭነቱ ገደል ይግባ፣ እሷ ትተርፋለች። የማይፈታ ያሰረ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

“እኔ በቅሎ ነኝ እንዴ አያ?”

“ብትሆንማ ምን ቸገረኝ። በቅሎ ገደል ስታይ ወደ ኋላ ትላለች።”

እኔ ሳቅሁ፣ ዘውዱ ግን ተቆጣ። ካሜራውን ጥሎ መሥሪያ ቤት መመለስ እንደማይችል፣ የሚፈታ ነገር እንዳላደርግበት አስጠነቀቀኝ። “ብትነኪው እንጣላለን እቴ።” እራቱንም ከአያ ተለይቶ በላ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

አደረግሁት። ዘውዱ ለመንገድ ዕቃ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ላሜራው የታሰረበትን ጠፍር በጠቅላላ ቆርጬ አዲስ አመጣሁ። መጀመሪያ በተጣለ እንጨት ላይ ሞከርኩ፣ እጄ ሲለምደው በእውነተኛው ላይ አሰርኩ። ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ ነው። ጫፏን በብብቱ ሥር ሰውሬ አወጣኋት፤ ለማያውቅ የስፌት ትርፍ ነው የምትመስል። ካዳለጠው ካሜራው ይሄዳል፣ ልጁ ይቀራል። ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ፀሐይ አስመታሁት። ዘውዱ ሲመጣ ደርቆ ነበር፣ አላወቀብኝም።

ለአያ ብቻ ጫፏን አሳየኋቸው። ደግ ነው ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከረቡዕ ወዲህ ዛሬ ነው እህል በአፌ የገባ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ሄዱ። ዘውዱ ካሜራውን ለብሶ በቅሎ ላይ ሊወጣ ሲል በቅሎዋ አጉረመረመች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ዞረችበት። ሁለተኛም እምቢ አለች። አያ ካሜራውን አስወልቀው በሣጥን ጫኑት፣ ያን ጊዜ ተሸከመችው። ዘውዱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። ጉልበቴን ስሞኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ፊደሌ ከተበላሸ ቸኩዬ ነው።

የደንበኛ ኮርቻ እየጠገንኩ ነበር። ዓርብ ዕለት የሞከርኩበት እንጨት ከነቋጠሮው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲያው ለጨዋታ ጫፉን ሳብኩት። አልመጣም። ጠንከር አድርጌ ሳብኩት፣ እንጨቱ ከነምስማሩ ከግድግዳው ተነቅሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው።

እርጥቡን ነው ያሰርኩት። እንደ ልማዴ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ጠበቅ አድርጌ፣ ፀሐይ አስመትቼ። ኮርቻ የማስር መስሎኝ። ጭነኞቹ ያን ቋጠሮ የሚያስሩት ለፍቶ ለስልሶ ቅቤ በጠጣ መጫኛ ነው፣ በደረቁ ነው። ይሄን ጃናሞራ ያለ እረኛ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። እጄ ግን የሚያውቀውን ሠራ።

አያ ተገኘ ጫፏን አምነው ነው የሄዱ። በእኔ ቋጠሮ ባይተማመኑ ኖሮ ሌላ ዘዴ ያበጁ ነበር።

ነገ ማኪና አለ ብለውኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22፣ ደባርቅ

ቀኑን ሙሉ በጭነት ማኪና ላይ ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጣሁ። አልፈዋል። ያረፉበት ቤት ሴትዮ “ያ ብረት የሚሸከመው መልከ መልካም ልጅ? ማክሰኞ ጧት ሄደዋል” አለችኝ።

ወደ መካነ ብርሃን የሚወርድ እህል ነጋዴ አገኘሁ። አያ ተገኘን ያውቃቸዋል። ቋጠሮው አይፈታም በላቸው፣ ቢላ ከእጃችሁ አይለይ በላቸው አልኩት። ሰውየው ሳቀብኝ። “እዚያ ማን ያለ ቢላ ይሄዳል እመቤቴ?” መልእክቱን በትክክል ይናገር እንደሆን እንጃ። ደግሜ አስባልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ጉም ነው፣ ጎረቤት አይታይም። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች “ዕቃው ይዞት ሄደ፣ ሣሩ ነው የከዳው” ሲሉ ሰማሁ። ዘወር ብዬ ማነው፣ የትኛው ዕቃ ስላቸው ስለ አንድ አህያ ነው አሉኝ። ስለ አህያ ይሁን፣ ስቅቅ ብለው ደብቀውኝ ይሁን አላወቅሁም። ሴትዮዋ የሰጠችኝን እህል ሳልነካ መለስኩላት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

አያ ተገኘ ብቻቸውን መጡ፤ ወደ ቤቴ ሲወርዱ እዚህ ሊያድሩ ነበር።

በሩ ላይ ሳያቸው ተቀመጥኩ። ከበቅሎዋ ላይ የሠራሁትን ኮርቻ አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ሳልጠይቃቸው “አለ” አሉኝ። “ደህና ነው፣ አለ።” ቀጥሎ ያሉትን ለጊዜው አልሰማሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋልያዎቹ ከሥር ባለው እርከን ላይ ወጡ። ዘውዱ ሊከተላቸው አጎነበሰ፣ እርጥቡ ሣር ከነአፈሩ ሄደ፣ ካሜራውም ወደ ፊት ጎተተው። አያ ኮሌታውን ያዙት፣ በሌላ እጃቸው ጫፏን ሳቡ። አልተፈታችም። ደግመው ሳቡ። “ያን ጊዜ ረገምኩሽ፣ ይቅር በይኝ” አሉ። ቢላ አውጥተው ጠፍሩን ቆረጡት። ዘውዱ “ተው፣ ተው” እያለ ይጮህ ነበር።

ካሜራው ከሥር አስታ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ፣ በመጫኛ ሳቡት። ካሉት ሦስት ዓይኖች አንዱ ተሰብሯል። ነጋዴው እነሱ ዘንድ ጭራሽ አልደረሰም።

“ተቆጥቶኛል?” አልኩ።

“ቀኑን ሙሉ ካሜራውን ሲጠርግ ዋለ። በማግስቱ ይሄን ውሰድላት አለኝ። ‘ለእቴ ንገራት፣ ሲሳብ የሚፈታ ታድርገው። ጫፉም የራሴ እጅ የሚደርስበት ይሁን’ ብሏል።”

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27፣ ደባርቅ

ከሴትዮዋ ቅቤ ለምኜ ሌሊቱን ያለፋሁትን ጠፍር በደረቁ አሰርኩ። ጫፏን ወደ ፊት፣ ደረቱ ላይ አወጣኋት። አያ ለብሰውት ቆሙ፣ መጅ የሚያህል ድንጋይ ጫንንበት፣ ሳቡት። ድንጋዩ ዱብ አለ። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አያ ሊሄዱ ሲሉ በቅሎዋን እየጫኑ አንድ ነገር አከሉ። ዘውዱ ዋልያዎቹን ከላይ ማንሳት በቃኝ፣ የሚፈታ ካለኝ እርከኑ ላይ ወርጄ ነው የማነሳቸው ብሏል። ቀድሞ ይፈራ ነበር እንዴ ብዬ ጠየቅሁ። “ትንሽ ይፈራ ነበር” አሉ።

ጉሙ ውስጥ ከገቡ በኋላም የበቅሎዋ ኮቴ ይሰማኝ ነበር። ጥሩ ቋጠሮ ነው። በእጄ ስቤ አይቼዋለሁ። ተመልሰው እንዲመጡ ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።