ሠላሳ አንድ ጠመዝማዛ መስመሮች፦ የወይዘሮ አርሊስ ስኩግስታድ ዕረፍት

በስፕሩስ ሐይቅ የነርቭ ሕመሞች ምርምር ተቋም የዕድሜ ልክ አበል ተቀባዮች ማኅበር፣ አንጋፋ አባሉ ወይዘሮ አርሊስ ስኩግስታድ ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በ102 ዓመታቸው ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ኀዘን ነው። ይህች ቀን ትመጣለች ብለን ማመን ካቆምን ቆይተን ነበር።

ወይዘሮ አርሊስ በሚኒሶታ ገጠር ለ34 ዓመታት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። በረዶ ወረደ ብለው አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም፤ ተማሪዎቻቸው ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ባለቤታቸው አቶ ኦርቪን፣ ማንኪያ መያዝ እስኪያቅታቸው እጃቸውን ባንቀጠቀጠው በፓርኪንሰን ሕመም ዐረፉ። በዓመቱ ወይዘሮ አርሊስ የእርሻ መሬታቸውን ሸጠው አርባ ሺህ ዶላሩን ለተቋሙ ሰጡ። ውሉ ሁላችንም የፈረምነው ነው፦ ሰጪው በሕይወት እስካለ አበል ይቆረጥለታል፤ ሲያልፍ የተረፈው ለምርምሩ ይውላል። ቶሎ የሞተ ብዙ ይረዳል ማለት ነው። ወይዘሮ አርሊስ በዚህ ረገድ እጅግ ሰነፍ ነበሩ።

በየጸደዩ በሚደረገው የማኅበሩ ምሳ ላይ ራባርብ በሚባል ጎምዛዛ ተክል የሚጋግሩትን ኬክ ይዘው ሲገቡ፣ ሊቀ መንበሩ "ወይዘሮ አርሊስ፣ ዘንድሮም አሉ?" ይሏቸዋል። "ምን ላድርግ አንተ ጉደኛ! ቀድመህ መንገዱን ታሳየኛለህ ብዬ ስጠብቅህ" ይላሉ።

በ2013ቱ ምሳ ላይ ግን ቀልዱ ቆመ። ስጦታቸው ተሟጦ ማለቁን፣ አበሉንም ተቋሙ ከራሱ ካዝና እየከፈለ መሆኑን ሰሙ። ኬኩን ሳይቆርሱ ብድግ አሉ። "የኦርቪንን መድኃኒት ቁጭ ብዬ በላሁት" አሉ።

የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር ካሪና ሃውግሩድ አንድ ማኅደር አምጥተው ከፊታቸው ዘረጉ። ወይዘሮ አርሊስ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ በምሳው ዕለት፣ ከፓርኪንሰን ሕሙማን መስመር ጋር እንዲነጻጸር፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚዞር መስመር በእርሳስ ይስሉ ነበር። ሃያ ወረቀት ተከማችቷል። "ገንዘቡን ለምኜም አመጣዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይታመም የሳለ እጅ ግን ከማን እለምናለሁ? በሉ ይቀመጡና ኬኩን ይቁረሱልን" አሏቸው። ተቀመጡ።

ዘንድሮ ሠላሳ አንደኛውን ሲስሉ መስመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩት።

"ይሄ የኦርቪን ነው?"

"አይደለም፤ የዕድሜ ነው" አሉ ዶክተሯ።

"እንግዲያው እሱንም ጻፊው።"

ተጽፏል።

ማኅበሩ ለልጃቸው ለወይዘሮ ጆሌን፣ ለዶክተር ሃውግሩድና ለባልደረቦቻቸው፣ በዚያ አውቶቡስ በብርድ ለተመላለሱ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ቤተሰቡ አበባ አትላኩ ብሏል። አባላት ይልቅ በመጪው ጸደይ ለምሳ ስትመጡ እርሳስ ያዙ። በወይዘሮ አርሊስ ቦታ ወረቀት ይቀመጣል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥም የማይንቀጠቀጥም አንድ አንድ መስመር ይሳል። መንገዱን ያሳያሉ ተብለው ሲጠበቁ የቀሩት ሊቀ መንበር መጀመሪያ ይስላሉ።