ስለ ጥንቸልሽ ጥርስ

ለውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላህ። በሮቢት በጎብዬ አልፎ ደሴ የሚደርስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው ቢያኮርፍም እናትሽ ደህና ናት። ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ አስጽፎ ነው እንዳትዪ። ማታ ትምህርት ቤት አርባ ሦስት ጎልማሳ አለ፣ የሚቀድመኝ የለም። መምህሩ እንኳ ሲጠራጠር ወደኔ ነው የሚያየው።

ልጄ፣ ጥንቸልሽ ሊሞትብኝ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልበላም። ወደ ምግቡ ይሄዳል፣ ያሸተዋል፣ ይመለሳል። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አገጩ ሥር ያለው ፀጉር ረግፏል። የቆቦ ከብት ገበያ ደላላ፣ የበሬ ከንፈር ገልጬ ዕድሜውን የምናገር፣ ፊደል ሳልቆጥር ጥርስ ያነበብኩ ሰው፣ የዚህን ባለ ጆሮ አፍ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም። ሳየው የታችኛው ጥርሱ እንደ ቀንድ ወጥቷል፣ የላይኛው ታጥፎ ላንቃውን ሊወጋ ነው።

ጎረቤታችን ይሁኔ «ምን ታካብዳለህ፣ ጥፍር በለው፣ በፒንሳ ቁረጠው» አለኝ። ቆረጥኩት። እስከ ሥሩ ተሰነጠቀ። ጮኸ። ጥንቸል እንደሚጮህ አላውቅም ነበር፣ ወላሂ።

አቅፌው ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሮጥኩ። «የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ የሚሞርደው ሳርና ድርቆሽ ነው፣ ምን ነበር የምታበላው?» አለኝ። በሻይ የራሰ ዳቦ፣ አልኩት። ላንቀባርረው ብዬ ነበር እኮ። ሐኪሙ የለመደው በሬና ግመል ነው፤ ለዚህች አፍ የሚሆን መሣሪያ የለውም። «ደሴ የሚያስተካክል ባልደረባ አለኝ፣ ቶሎ አድርሰው፣ ጥንቸል ካልበላ አንጀቱ ሥራ ያቆማል» አለ። እስከዚያው የተፈጨ ሳር በውኃ በጥብጬ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጩ በኩል አጎርሰዋለሁ። ግማሹን ይተፋዋል።

በሄድሽበት ዋዜማ አንድ ወረቀት ሰጥተሽኝ «አባ፣ ታነበዋለህ?» ብለሽኝ ነበር። «እኔን ነው?» ብዬ ሳቅኩብሽ። ዓመት ሙሉ በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ትናንት አነበብኩት። «ዳቦ አትስጠው። ድርቆሽ ብቻ። ጥርሱ ያድጋል።» በትልልቁ ነው የጻፍሽው።

ከጀርባው የጻፍሽውንም አነበብኩ።

ሳትነግረኝ ጠፋች ብዬ ለአገር አውርቼ ነበር። ነግረሽኝ ኖሯል። ሽማግሌ የላኩትን፣ ትመለሳለች እያልኩ ያቆየኋቸውን እነ ዘካሪያስን ዛሬ ጠርቼ፣ ልጄ እምቢ ብላለች፣ እኔ የሰማሁት ገና ትናንት ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ስልኬን ስለማታነሺ ይህችን ዛሬ ወደ ደሴ በምትመለሰው ጓደኛሽ በፈሪሀ ልኬያለሁ። የዛሬው መኪና ለሷ እንጂ ለኔ ቦታ አልነበረውም፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና በጋቢ ጠቅልዬው እመጣለሁ፤ መንገድ ላይ እያጎረስኩት፣ አላህ ካደረሰን።

አላህ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ የናትሽን ዱዓ ይቀበልልሽ። በርሽን ሳንኳኳ ለኔ ብለሽ አትክፈቺ። ለሱ ክፈቺለት።

ማንበብ የዘገየበት
አባትሽ