የቶሎሳ ምራን

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ቶሎሳ አልመጣም። ቅዳሜ ሲሄድ «እሁድ ማታ እራቴን እዚሁ ነው የምበላው፣ ድርሻዬን አስቀምጪልኝ» ብሎኝ ነበር። አስቀመጥኩለት። ወጡ ሻገተ፤ የትምህርት ቤታችን ካፌ ድመት እንኳን አሽትታ ትታው ሄደች።

አቦምሳ፣ አባቱ ቤት፣ የሄደው ለምራን ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የምናስርበት የቆዳ ጠፍር፣ ምራናችን፣ ባለፈው ሳምንት ተበጠሰ። ዕቃ ክፍል የሰጡን የሲባጎ ገመድ ነው። «የአባቴ ምራን በሬው ይደክማል እንጂ እሱ አይበጠስም» አለና ተሳፈረ።

የእርሻ ፈተናው ዓርብ ነው። ሁለት ተማሪ በአንድ ጥማድ ነው የምንፈተነው። ዓመቱን ሙሉ እኔና እሱ ነን። እኔ የናዝሬት ልብስ ሰፊ ልጅ፣ እርፍ ጨብጬ! እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት አልነገረችም።

ዳለቻም ዛሬ አስቸገረኝ። ዳለቻ ወይፈናችን ነው። ለእርሻ ያቀናው ቶሎሳ ነው፣ ያውም ያለ ጅራፍ፣ በወሬ ብቻ። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኦቦሌሳ ኮ» ይለዋል። ና፣ ና፣ ወንድሜ ማለት ነው። በሬ ወንድምህ ነው ወይ ብዬ ስንቴ ስቄበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ወሬው መጣ። ከአቦምሳ የተመለሰች የአንደኛ ዓመት ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ጆሮዬ ሥር ነገረችኝ። እሁድ አፈሳ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና። ቶሎሳን ከአውቶቡስ ላይ አወረዱት።

«መታወቂያውን አላሳየም?» አልኳት።

«አሳየ። ሰውየው ተቀበለውና ኪሱ ከተተው።»

ቀበሌው ግቢ ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር ዘግተውባቸዋል አለች። ምሳዬን አልጨረስኩም። ሰው እንዳያየኝ ከብት በረት ሄጄ አለቀስኩ። ለአንዲት ቁራጭ ቆዳ!

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

መምህር ታደለ ጋ ገባሁ። የሚያስፈትነን እሱ ነው። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ተነስቶ በሩን ዘጋው።

«ዙሪያሽ፣ ቀስ በይ። ተማሪያችን ነው የሚል ወረቀት ማኅተም አስመትቼ እሰጥሻለሁ። ግን ዓርብ ካልተገኘ ከፈተናው እሰርዘዋለሁ፣ ትእዛዝ ነው። የተሰረዘ ደግሞ ተማሪ አይደለም፤ ወረቀቱም ዋጋ የለውም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ይፈራል። ማን የማይፈራ አለ?

ወረቀቱን ወደ አቦምሳ ለመላክ ናዝሬት መናኸሪያ በረርኩ። የአቦምሳው አውቶቡስ ሊወጣ ሲል መንገዱ ተዘጋ። ሸራ የለበሱ የጦር መኪኖች ወደ ሞጆ በኩል እየተከታተሉ ያልፋሉ። አላልቅ አሉ። አቧራቸውን እየጠጣሁ በሆዴ ተሳደብኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ለረዳቱ ሰጠሁት፤ የቶሎሳን አባት ያውቃቸዋል። በእናቱ ስም ማለልኝ።

ማታ ዳለቻን ለብቻዬ ሞከርኩት። ብጎትተው፣ ብገፋው፣ ብለምነው በጄ አላለም። ግራ ቀኝ አይቼ፣ ሰው አለመኖሩን ሳረጋግጥ፣ «ኮቱ» አልኩት። ጆሮውን አነሳ። «ኦቦሌሳ ኮ» ስለው መጣ። ከሰኞ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ማርያም ናት። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በግቢው በር ጠበል አቀበለችኝ። «ለማን ነው የከሳሽው?» አለች። ለፈተናው አልኳት። አላመነችኝም፣ ግን አልጠየቀችኝም።

ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበር። ካድሬው ስለ ግንባሩ ሁለት ሰዓት አወራ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» ሲል ሁላችንም ግራ እጃችንን አነሳን። እኔም አነሳሁ። ሌላ ምን ላደርግ። እጄ እስካሁን የሰው እጅ ይመስለኛል።

ከአቦምሳ ምንም የለም። ረዳቱም አልተመለሰም።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ጠዋት ጠምጄ ቆምኩ። ሲባጎው ገና ሳይጎተት ይላላል። ወንዶቹ ይጠቋቆማሉ። መምህር ታደለ «ብቻሽን ትችያለሽ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩ፤ ዋሸሁ።

ዳለቻ ተተከለ። ያን ጊዜ ማን ሰማኝ አልሰማኝ ማለቱን ተውኩት። ጮክ ብዬ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ኦቦሌሳ ኮ!» አልኩት። ሄደ። ትልሙ ተጣሟል፣ ቢሆንም ትልም ነው።

ዞሬ ስመለስ አጥሩ ጋ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። ትከሻቸው ላይ አዲስ ምራን። የቶሎሳን ዓይን ነው ያየሁት።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ቶሎሳ ነው፣ አባባ።»

«እኔ ለበሬ የምለው ነው ይሄ። ልጅ ሆኖ ከኋላዬ ሲሄድ ይሰማ ነበር።» በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሦስት ቀን ቀበሌው አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱ ሲደርስ ግቢው ባዶ ሆኗል። ረቡዕ ማለዳ ጭነዋቸዋል። በናዝሬት አድርገው ወደ ሞጆ አልፈዋል ብለው ነግረዋቸዋል።

በናዝሬት። ረቡዕ። ሸራ የለበሱት መኪኖች። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። በፊቴ ነው ያለፈው፣ እኔ ስሳደብ።

ለአባቱ አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ።

«ከመጫኑ በፊት ምራኑን በአጥር አሾልኮ ሰጠኝ» አሉ። «‹ለዙሪያሽ አድርስልኝ፣ ፈተና አለባት› አለ። አንቺ ነሽ አይደል፣ ኢንተላ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

ሲባጎውን ፈትተው ሞፈሩን በራሳቸው እጅ በምራኑ አሰሩልኝ። ቀሪውን አረስኩ። አልተበጠሰም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

አልፌያለሁ። እናቴ ለጎረቤት መናገር ጀምራለች፣ አሁን ይባስ!

መምህር ታደለ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ወዲያ ወዲህ አየና «ቶሎሳን ታሟል ብዬ ጽፌዋለሁ። አልሰረዝኩትም። መስከረም ላይ ከመጣ ይፈተናል» አለኝ። እጁን ልስመው ምንም አልቀረኝ። መስከረም ግን ሩቅ ነው፣ የሄደበትም ሩቅ ነው።

አባቱ ማለዳ ወደ አቦምሳ ተመለሱ። ምራኑን ውሰዱት ብላቸው እምቢ አሉ። «ሲመለስ ይጠምድበታል። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ቆዳ ነው፣ እንዳይደርቅ ቅቤ እየቀባሽ» አሉኝ።

ከገበያ ትንሽ ቅቤ ገዝቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀባሁት። አብረውኝ የሚያድሩት ሴቶች ሽታውን ጠሉት። ጥቅልል አድርጌ ትራሴ ሥር ከተትኩት። በየስንት ጊዜው እንደሚቀባ አባቱን አልጠየቅኳቸውም።