ስምንት ዓመት የዘገየ ድምፅ

መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (በእርስዎ አቆጣጠር)
ሪያድ ሰፈር፣ ኻርቱም

ለተከበሩ አቶ ቃለአብ፣
የ«አኒሜ ወዳጆች» የቴሌግራም ቡድን መሥራች፣ አድሚን፣ የዓመቱ ምርጥ ተከታታዮች አስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢና ብቸኛ አባል
ባሉበት

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የስልክዎ ባትሪስ? ኔትወርክዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ነሐሴ 29 ቀን ከቡድንዎ ካስወጡኝ ወዲህ ጊዜ ስለተረፈኝ ሰውነቴም ተመልሷል።

ይህን ደብዳቤ በቡድኑ ውስጥ እንዳላቀርብ በሩ ስለተዘጋብኝ በራሴ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ተከታዮቼ ስድስት ሲሆኑ ሁለቱ የፀጉር ቅባት ሻጮች ናቸው፤ ስለዚህ ክብርዎ ብዙም እንደማይጎዳ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስሜ ሬሕማ ነው። ከወሎ መጥቼ እዚህ ሪያድ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ስገባ የቤቱ ልጅ አብራር ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዐረብኛ የተማርኩትም ከእሷ ጎን ቁጭ ብዬ፣ ወደ ዐረብኛ የተመለሱ የጃፓን ተከታታዮችን እያየሁ ነው። እነዚያ ተከታታዮች የሚናገሩት የመጽሐፍ ዐረብኛ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ሰሞን አትክልት ሻጩን ቲማቲም እንዲመዝንልኝ የጠየቅሁት ጎራዴ እንደ መዘዘ የጦር አዛዥ ነበር። ሰውዬው ጎረቤቶቹን ጠርቶ ደግሜ እንድናገር ለመነኝ።

ከአብራር ጋር በየዓመቱ መጨረሻ፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እሷ የቤት ሥራዋን ትታ፣ ሦስት ሦስት ተከታታይ እንመርጥ ነበር። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፤ «ደስ ስለሚል» ብሎ መምረጥ አይቻልም፤ ምክንያት ይቀርባል። ጦርነቱ ሲነሳ ቤተሰቡ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ካይሮ ሄደ። እኔ ጀብራ ሰፈር፣ ኒዕማ የምትባል ያገሬ ልጅ ዘንድ ተጠጋሁ፤ እሷም በመጨረሻ በገዳሪፍ በኩል አገሯ ገባች። እኔ የሰው ቤት ቁልፍ ይዤ እንዴት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ዘንድሮ መዳሟ በስልክ ስለለመነችኝ ተመልሼ ሰባት ክፍል ባለው ቤት ውስጥ ብቻዬን መስኮት እከፍታለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ። ዘራፊዎቹ ሶኬቱን ሳይቀር ከግድግዳው ነቅለው ወስደዋል። የተረፈው የኩሽናው የሙቀት መለኪያ፣ በዱቄት በርሜል ውስጥ ቀብሬው የነበረው የአብራር አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከነሃርድ ዲስኩ፣ እና እኔ ነን።

ከዚህ በኋላ፣ በትዕግሥትዎ በመተማመን፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ዓመቱ። ነሐሴ 22፣ እንደ ልማዴ ሐሙስ ጠዋት በራክሻ (እናንተ ባጃጅ የምትሉት ነው) ሳጃና ወርጄ፣ ሙስዐብ የሚባል ሱዳናዊ የሳተላይት ኔትወርክ በሚያጋራበት ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ሳጃና ድሮ አማርኛ የሚሰማበት ሰፈር ነበር፤ አሁን ፊት ለፊት ባለው የተዘጋ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ «ቁርስ አለ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። በሳምንት አንድ ቀን መጀመሪያ እሱን አነባለሁ፣ ቀጥዬ የእናንተን ቡድን። ያን ቀን ማስታወቂያዎ «የ2017 ምርጥ ሦስት አኒሜዎችን ከነምክንያታችሁ ላኩ» ይላል። ክቡር ሰብሳቢ፣ ሃርድ ዲስኩ ጀርባ ላይ በአብራር የልጅነት እጅ ጽሑፍ «2017» ተብሎ ተጽፏል። እናንተ የማላውቃቸውን አዳዲስ ተከታታዮች ስታወሩ ዳር ቆሜ ሳዳምጥ ለኖርኩት ሴትዮ፣ መልሱን የማውቀው ጥያቄ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። በደስታ አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ፣ ላፕቶፑን ከግድግዳው በቀረው ባዶ ሽቦ ላይ ቀጥዬ፣ ሁሉንም ደግሜ አየሁ፣ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ።

የእናንተ 2017 ያገር ቤቱ 2017 መሆኑ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። እዚህ ወሩን በፈረንጅ፣ ጾሙን በሂጅራ እንቆጥራለን፤ በአማርኛ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ከኒዕማ ወዲህ የለም። እርስዎ በሳቁበት አላፈርኩም። ያፈርኩት የተወለድኩበት አገር ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ እንደ ደረሰ ስለ ረሳሁ ነው።

2. ስለ ምርጫዬ። ኮሚቴው ሳያነበው የሰረዘውን ዝርዝር፣ ለታሪክ እንዲቀር ያህል፣ እንደገና ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሦስተኛ የመረጥኩት የትምህርት ቤት የቀስት ክለብ ታሪክ ነው። ልጅቷ ሃያ አራት ክፍል ሙሉ አንድም ጊዜ ዒላማ አትመታም። መጨረሻው ላይ ትመታለች ብዬ እጄን በአፌ ጭኜ ጠበቅሁ፤ አልመታችም፤ ፍላጻዎቿን ለቅማ ቤቷ ገባች። ስላልዋሸችኝ መረጥኳት።

ሁለተኛው የአሥራ ሁለቱ ጎራዴኞች ጦርነት ነው። ጎራዴኞቹን በሙሉ ለእርስዎ ትቼልዎታለሁ። እኔ የመረጥኩት የሠራዊቱን ወጥ ሠሪ ነው፤ ካሮት ሾርባ ብቻ እያለው ለእያንዳንዱ ወታደር «ምን ይምጣልዎት?» የሚለውን። ሥራውን ስለማውቀው ነው።

አንደኛዬ እንኳንስ ጎራዴ ቢላዋ የለበትም። በሁለት ደሴቶች ላይ ሁለት የአየር ጠባይ ጣቢያዎች አሉ፤ በአንዱ አንዲት ልጅ፣ በሌላው አንድ ሽማግሌ፣ ሁለቱም ብቻቸውን። በየማለዳው በሬዲዮ ይገናኛሉ፣ ነገር ግን ሌላ ወሬ በደንቡ ስለተከለከለ ሙቀቱንና ነፋሱን ብቻ ተነጋግረው ይዘጋሉ። እያደር ግን ልጅቷ «ነፋስ የለም» ስትል ስታለቅስ እንዳደረች፣ ሽማግሌው «ሙቀት አሥራ አራት» ሲል እየሳቀ እንደሆነ ከድምፃቸው ትለያላችሁ። አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ልጅቷ ትጠራዋለች፣ እሱ አይመልስም። አሥራ ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ክፍል፣ ዲስኩ ላይ የለም።

በዝርዝሬ ግርጌ አቅርቤው እርስዎ «ከርዕስ ውጭ» ያሉት ጥያቄዬም ይኸው ነበር፤ ሽማግሌው መለሰ? የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ስለሆነ ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም። አብራርን ጠይቄያት ነበር፤ አሁን ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ከሰባት ቀን በኋላ አንድ ቀይ ልብ ላከችልኝ። እኔ በየማለዳው ኩሽና ገብቼ የሙቀት መለኪያውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ይሳቁ፣ አይከለከልም።

3. ስለ መልስዎ። ዝርዝሬን በላክሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «እህታችን ከስምንት ዓመት እንቅልፏ ነቅታለች፣ ቡና አፍሉላት» ብለው ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ሳቀ። ስሜ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ ውለታዎን አልረሳም። ወዲያው ደግሞ የምርጫውን ሂደት በማወክ ብለው አስወጡኝ። አጠገቤ የነበረው ሙስዐብ አማርኛ አያነብም፤ ፊቴን አይቶ ግን «ማሌሽ፣ ያ ኡኽቲ» አለኝ፤ «አይዞሽ እህቴ» እንደ ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ያነጋገረኝ እሱ ብቻ ነበር።

መቼም ያስወጡኝ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑን የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ጦርነቱ እንደ ተነሳ ኔትወርክ ጠፍቶ አርባ ቀን ዝም ብል «የማይሳተፍ አባል» ብለው አስወጥተውኝ፣ ለምኜ ነው የተመለስኩት። ያን ጊዜም ከስሜ ቀጥሎ «ኻርቱም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የት ጠፋች ያለ አልነበረም።

4. ስለ ያረጋል። ይህ ቅሬታ አጭር ነው። እርስዎ ከማስወጣትዎ በፊት፣ ሁሉም እየሳቀ ሳለ፣ ከስክሪኑ በላይ «ያረጋል እየጻፈ ነው» የሚል ምልክት ታየኝ። ረጅም ነገር እየጻፈ ነበር፤ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ ቡድኑ ከስልኬ ጠፋ። ያረጋልን አላውቀውም። የተከታታዩን ስም ሊነግረኝ ይሆናል፣ ሊስቅ ይሆናል፣ «ሬሕማ፣ ደህና ነሽ?» ሊለኝም ይሆናል። እነሆ ሦስት ሐሙስ መጥቶ ሄደ፤ ምን ይጽፍ እንደነበር ሳስብ እውላለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ዝርዝሬ እንዲቆጠርልኝ አልጠይቅም፤ ዓመቱን ስቻለሁ፣ አምኛለሁ። ብቸኛ ነኝ። አማርኛ የማወራው ከእናንተ ጋር ብቻ ነበር፤ እሱም በጣቴ። የምጠይቀው፣ ለአንድ ደቂቃ በሩን ከፍተው ያረጋል የጀመረውን እንዲጨርስ እንዲፈቅዱለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ልማድዎ ቢያስወጡኝ ሦስተኛዬ ስለሚሆን አልደነግጥም።

ለቀልድዎ፣ ለደንቦችዎና ለፈጣኑ ጣትዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ መጪው ዓመት፣ በየትኛውም አቆጣጠር ቢሆን፣ የሚጽፍልዎት ሰው የማያጡበት እንዲሆን እመኛለሁ።

ሬሕማ
የሰባት ክፍል መስኮቶች ኃላፊ፣
የቀድሞ አባል (ሁለት ጊዜ)

ማስታወሻ፦ አሥራ አንደኛው ክፍል እንዴት እንደሚያበቃ ሳልነግርዎት ቀረሁ። ሽማግሌው ለሦስት ማለዳ ዝም ሲል፣ ልጅቷ ሬዲዮውን ክፍት ትታ ወደ ባሕሩ ትወርድና የጀልባዋን ገመድ ትፈታለች። ዲስኩ እዚያ ላይ ያልቃል። እነሱ ሰው ዝም ሲል ጀልባ ይፈታሉ፤ እርስዎ ስሙን ይሰርዛሉ። የዛሬው ንባብ የሚከተለው ነው፦ ሪያድ፣ ኻርቱም። ሙቀት ሠላሳ ዘጠኝ። ነፋስ ከደቡብ፣ ቀስ ያለ። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት መስመር ላይ ነኝ።