የእህቴን ሳል ማስታወቂያ ላደረጉት ለአቶ ሰጠኝ

እታለም ውቢት፣ እንደምን አደርሽ? እዚህ ደባርቅ ሁሉም ደህና ነው፤ አንቺ ፊልም ሆነሻል። መምህር ይግዛውንም አግብተሻል። አትቆጪኝ፣ እኔም ያየሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለሌላ ሰው የተጻፈ ስለሆነ ቃሌ ቢሻክር ይቅር በይኝ፤ ትሕትናውን ግን አላጓድልም።

ለተከበሩ አቶ ሰጠኝ፣ የጭላዳ ፊልም ማኅበር ሰብሳቢ፣ የ«ሁለት ጠመኔዎች» ደራሲ፣ አዘጋጅና በመጨረሻው ትዕይንት የሙሽራዋ አባት፤

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ካሜራዎ በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በአዳራሹ ያሳዩንን የፍቅር ኮሜዲ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ተመልክቻለሁ። የአንድ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን የማን ተማሪ በለጠ እያሉ ሲናቆሩ ኖረው በስተመጨረሻ ሲፋቀሩ ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሆዴን ይዤ ነበር፤ በሳቅ ግን አይደለም። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ውቢት የምትባል የፊዚክስ መምህርት እንደነበረች፣ እኔ ታናሽ ወንድሟም በኪራይ ቤት አብሬያት እኖር እንደነበር፣ ሙት ዓመቷም ገና እንዳልደረሰ እያወቁ ለገጸ ባሕርይዋ «ውብዓለም» የሚል ስም አውጥተው ማንነቷን ስለደበቁልን አመሰግናለሁ። ድካምዎ ይታየኛል። ከአዳራሹ ሲወጣ «የውቢት ፊልም» ያላለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

2. ስለ ግምገማው ትዕይንት። በፊልሙ መምህሩ ከስብሰባው መካከል ተነሥቶ «ይቺ ሴትዮ እየሳለች ክፍለ ጊዜ ትጨርሳለች!» ይላል፤ እሷም «አንተን ሳይ ነው የሚያስለኝ!» ትለዋለች፤ ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ያለብሳታል። እጅግ ያምራል። ራሷ እንደነገረችኝ ግን በእውነተኛው ግምገማ ባልደረባዋ መምህር ይግዛው ያንኑ ቃል ተናግሮ ቁጭ አለ። ጋቢ አልነበረም። «መምህርት ውቢት፣ ሂሱን ትቀበያለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «እቀበላለሁ» አለች። ሂስ አልቀበልም ያለ ሰው ምን እንደሚባል እርስዎም ያውቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሕክምና ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። «ሂጂና ታከሚ እንጂ!» ስላት «አንተ ደግሞ ሁለተኛ ገምጋሚ ልትሆንብኝ ነው?» ብላ ትስቃለች፤ ሳቋም ወደ ሳል ይዞራል። ጎንደር ስንወስዳት ሐኪሞቹ ዘግይታችኋል አሉን።

3. መሪ ተዋናዩ ራሱ መምህር ይግዛው እንዲሆን ማድረግዎ አርቆ አሳቢነት ነው። በደሉን ለሌላ ሰው ማስጠናት አድካሚ ይሆን ነበር። በተለይ ሲያፈቅር ጎበዝ ተዋናይ ነው።

4. ስለ ማስታወቂያው። በመኪና ላይ በጫኑት ድምፅ ማጉያ መጀመሪያ የተዋናይቷን ሳል፣ ቀጥሎ የሕዝብ ሳቅ እያሰሙ ከተማውን አዳርሰዋል። ተዋናይቷ አሳሳሉን ከማን እንዳጠናች አላውቅም፤ በደንብ አጥንታለች። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደግሞ ዳባት እንደምትሄዱ ሰምቻለሁ። እናታችን ዳባት ናት። ገበያ ተቀምጣ በርበሬ ትሸጣለች፤ ጆሮዋም ደህና ነው።

ለቀጣዩ ቁጥር መስጠት አስጠላኝ። ፊልሙ ሲያልቅ ይግዛው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ይላሉ፤ እርስዎ የተለጠፈ ጺምዎን እያሻሹ «ግቡ እንግዲህ!» ሲሉ አዳራሹ እልል አለ። አቶ ሰጠኝ፣ በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ብቻ አይደለም። የበደለ ሰውም ይልካል። ሟች ቤት ይመጣሉ፣ ቆመው ይለምናሉ፣ ምሕረት ሳይሰሙ አይቀመጡም። እስከ ዛሬ እናታችን በር ላይ የቆመ ሽማግሌ የለም። ለውሸቱ ሠርግ ሽማግሌ ያልቸገረው ሰው ለእውነተኛው ሐዘን እንዴት አጣ?

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፅ ማጉያዎ ዳባት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይድረስ። እናቴ ይቅር ትል እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብሆን አልልም። ግን አስቀድማ ትጠየቅ።

ለኪነ ጥበብ ያለዎትን ፍቅር፣ ለሟች ያለዎትን ርኅራኄ እያደነቅሁ፣ የሚቀጥለው ፊልምዎ ታሪክ ከራስዎ ቤት እንዲገኝልዎ ከልብ የምመኝ፣

ያርጋል፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ
ደባርቅ፣ ግንቦት 2004 ዓ.ም.

ሳልጽፈው የቀረ፦ በፊልምዎ ውስጥ ወንድም የለም። ምናልባት ለክፍል ሁለት ቢያስፈልግዎ፣ ከቀብር ተመልሼ በኪራይ ቤታችን ብቻዬን ያደርሁበት የመጀመሪያው ጠዋት እንዲህ ነበር። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብሁ፣ ዩኒፎርሜን ለበስሁ፣ ትምህርት ቤት ሄድሁ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የመምህር ይግዛው ሒሳብ ነበር። ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። እኔ አልተነሣሁም። አየኝ። የሚለኝን ጠበቅሁ።

«ተቀመጡ» አለ።